ኮፐንሀገን መኪናን ያስወጣችበት ጎዳና፦ የስትሮየት ታሪክ

ስለ ዴንማርክ ዋና ከተማ ስለ ኮፐንሀገን የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ሳይል አያልፍም። "እዚያ እኮ ሰዉ የሚሄደው በእግሩና በሳይክሉ ነው፤ ባህላቸው ነው" ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ዛሬ በእግራቸውም በሳይክላቸውም ይሄዳሉ። "ባህላቸው ነው" የሚለው ግን ታሪኩን ገልብጦ ነው የሚነግረን። በ1962 የከተማዋ ዋና የገበያ ጎዳና ለመኪና ይዘጋ ሲባል የተነሳው ጩኸት ቀላል አልነበረም። ከተቃዋሚዎቹ ዋና መከራከሪያዎች አንዱ ምን ነበር መሰላችሁ? "ይሄ የእኛ ባህል አይደለም" የሚል ነበር።

ጎዳናው ስትሮየት ይባላል። ከከተማው ማዘጋጃ ቤት አደባባይ ተነስቶ ኮንግንስ ኒቶርቭ እስከሚባለው ትልቅ አደባባይ ድረስ 1.1 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለ ከተማ ፕላን በሚወራበት ቦታ ሁሉ ስሙ ይነሳል። እንዴት እዚህ ደረሰ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። እኔ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የ1962ቱ ውሳኔ የተሳካው ከእሱ በፊት በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት ምክንያትም ጭምር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ስትሮየት በአድራሻ ደረጃ አንድ መንገድ አይደለም። ተከታትለው የሚሄዱ መንገዶች የጋራ መጠሪያ ነው። ከምዕራብ ስትነሱ ፍሬድሪክስበርግጋዴ ይቀድማል። ቀጥሎ ጋመልቶርቭና ኒቶርቭ የሚባሉ ጎን ለጎን ያሉ አደባባዮች ይመጣሉ። ከዚያ ኒጋዴ፣ ቪመልስካፍተት፣ አማየርቶርቭ፣ መጨረሻ ላይ ኦስተርጋዴ። ሁሉንም ጠቅልሎ የሚይዘው ስም የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ያኔ ደህና ለብሶ በዚህ መስመር ወዲያ ወዲህ ማለት የከተማው ሰው ልማድ ሆኖ ነበር። ሰው ለመታየትና ለማየት የሚወጣበት መንገድ ማለት ነው።

ከበር እስከ በር

የኮፐንሀገንን ካርታ ስታዩ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ለምንድነው ዋናው ጎዳና እንዲህ የሚጣመመው? መልሱ ቀላል ነው፤ ማንም በማስመሪያ አላሰመረውም። ከተማዋ መጀመሪያ በባሕር ዳር ያለች የዓሣና የንግድ መንደር ነበረች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ቫልዴማር ቦታውን ለጳጳስ አብሳሎን ሰጡት። አብሳሎንም በ1167 ምሽግ አሠሩበት። የትምህርት ቤት ታሪክ ከተማዋን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በቅርብ ጊዜ የተደረጉ ቁፋሮዎች፣ በተለይ ለሜትሮ ባቡር ሲቆፈር የተገኙት መቃብሮች፣ ከአብሳሎን በፊትም እዚያ ሰው ሰፍሮ እንደነበረ አሳይተዋል።

ከተማዋ ስታድግ በግንብና በአፈር ካብ ታጠረች። በምዕራብ በኩል አንድ በር፣ በምሥራቅ በኩል አንድ በር ተተከለ። ስትሮየት በሁለቱ በሮች መካከል የሚያልፈው መስመር ነው። የምሥራቁ በር የነበረው ዛሬ ኮንግንስ ኒቶርቭ ባለበት አካባቢ ነው። ከተማው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚያ ሲሰፋ የድሮው በር ቀረ። ከ1670 ጀምሮም ንጉሥ ክርስቲያን አምስተኛ አደባባዩን አሠሩ። የምዕራቡ በር ግን እስከ 1850ዎቹ ድረስ ቆሟል። ሌሊት ይዘጋ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ወታደር ሁሉ በዚያ ገብቶ በዚህ መንገድ ነው ወደ መሃል የሚዘልቀው።

እንዲህ ባለ መንገድ ዳር ሱቅ መክፈት የማይፈልግ ነጋዴ የለም። ስለዚህ መሬቱ ወደ መንገዱ ጠባብ፣ ወደ ኋላ ረጅም በሆኑ ቁርጥራጮች ተከፋፈለ። እያንዳንዱ ባለቤት ጥቂት ሜትር የመንገድ ፊት አገኘ፣ ከጀርባ ደግሞ ግቢና መጋዘን። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ። የዛሬው ስትሮየት ለእግረኛ የማይሰለቸው በከፊል በዚህ አከፋፈል ምክንያት ነው።

በመስመሩ ላይ ካሉት ቦታዎች እኔን የሚማርከኝ አማየርቶርቭ ነው። በ1521 ንጉሥ ክርስቲያን ሁለተኛ ከሆላንድ ገበሬዎችን ጋብዘው ከኮፐንሀገን አጠገብ ባለችው በአማየር ደሴት አሰፈሯቸው። ሆላንዶች በአትክልት ሥራ የታወቁ ስለነበሩ ቤተ መንግሥቱ ጥሩ አትክልት ፈልጎ ነው። ገበሬዎቹ ጎመናቸውን፣ ካሮታቸውንና ሽንኩርታቸውን ይዘው የሚመጡት ወደዚህ ቦታ ነበር። ስሙም የአማየር ገበያ ማለት ነው። የመጤ ገበሬዎች የአትክልት ተራ የነበረው ቦታ ዛሬ ውድ የሸክላና የብር ዕቃ የሚሸጥበት ሆኗል። የንጉሣዊው ሸክላ ፋብሪካ መደብር ያለበት ቤት የተሠራው በ1616 ነው፤ ከጎዳናው አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው። እዚያው አጠገብ ያለው የመንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አመጣጡ በ1296 ከተቋቋመ የድሆችና የሕሙማን መጠለያ ነው።

ጋመልቶርቭና ኒቶርቭ ሌላ መልክ አላቸው። አንደኛው ስሙ አሮጌ ገበያ፣ ሌላኛው አዲስ ገበያ ነው። "አዲሱ" ራሱ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። በሁለቱ መካከል ማዘጋጃ ቤቱ ቆሞ ነበር። በአንደኛው ገበያ ይቆማል፣ በሌላኛው ወንጀለኛ ሕዝብ ፊት ይቀጣል። በጋመልቶርቭ ያለውን የካሪታስ ፏፏቴ ያሠሩት ንጉሥ ክርስቲያን አራተኛ ናቸው፤ ዘመኑም 1608 ገደማ ነው። በንጉሣዊ የልደት በዓል ቀን ውሃው ላይ በወርቅ የተለበጡ ፖሞች ይዘላሉ። ለምን ፖም እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የቤተ መንግሥት ልማድ ነው። ኒቶርቭ ላይ ደግሞ ፈላስፋው ሶረን ኪርከጎር በ1813 ተወልዷል። ኪርከጎር ቤቱ ተዘግቶ የሚውል ሰው አልነበረም። በእነዚህ መንገዶች ላይ በየቀኑ እየዞረ ያገኘውን ሁሉ ያነጋግር ነበር። በ1846 አንድ የሹፈት ጋዜጣ ሱሪውንና አካሄዱን እየሳለ ሲያሾፍበት መንገድ ላይ ልጆች ይከተሉት ጀመር። ለእሱ ትልቁ ጉዳት ጋዜጣው አልነበረም፤ እንደልቡ የሚዞርበትን መንገድ ማጣቱ ነው።

ሁለት ቃጠሎ

አሁን ጎዳናው ላይ የምታዩት አብዛኛው ቤት የመካከለኛው ዘመን አይደለም። እሳት ሁለት ጊዜ ጠርጎታል።

የመጀመሪያው በጥቅምት 1728 ነው። እሳቱ የተነሳው እዚሁ፣ ከምዕራቡ በር አጠገብ፣ ከአንድ ቤት ሻማ ነው ተብሎ ይነገራል። ቤቶቹ በብዛት እንጨት ናቸው፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ንፋስም ነበር። ለቀናት ነደደ። ከከተማው አንድ አራተኛ በላይ አለቀ። አሮጌውን ክፍል ብቻ ከቆጠርን ግማሽ ያህሉ ሄደ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትም አብሮ ተቃጠለ። የምዕራቡ ጫፍ፣ ፍሬድሪክስበርግጋዴ፣ ቀጥ ያለ የሆነው ከዚህ ቃጠሎ በኋላ ተስተካክሎ ስለተሠራ ነው።

ሁለተኛው በሰኔ 1795 ነው። ይሄኛው የተነሳው ከምሥራቅ በኩል፣ ከባሕር ኃይሉ የእንጨት መጋዘን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እየነደደ በከተማው መሃል አልፎ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ደረሰ። ከ900 በላይ ቤቶች ወደሙ፣ 6,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ማዘጋጃ ቤቱ ከነደደ በኋላ በቦታው አልተሠራም። ጋመልቶርቭና ኒቶርቭ ዛሬ አንድ ሰፊ ሜዳ የሚመስሉት ለዚህ ነው። አዲሱን ማዘጋጃ ቤትና ፍርድ ቤት አርክቴክቱ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ሀንሰን በኒቶርቭ ጎን ሠሩት፤ በ1815 ተመረቀ። ፊቱ ላይ የዩትላንድ ሕግ ከሚባለው ከ1241ዱ የዴንማርክ ጥንታዊ ሕግ የተወሰደ ቃል ተቀርጿል፦ አገር የሚገነባው በሕግ ነው። ሕንጻው አሁንም ፍርድ ቤት ነው፤ የዛሬው ማዘጋጃ ቤት ግን ጎዳናው በምዕራብ በሚጀምርበት አደባባይ ያለው ነው።

ከሁለተኛው ቃጠሎ በኋላ የወጣ አንድ ደንብ አለ፤ ዛሬም በዓይን ይታያል። መንገድ የሚገናኝበት ላይ ያለ ቤት ሁሉ ማዕዘኑ ሹል እንዳይሆን፣ በሰያፍ እንዲቆረጥ ታዘዘ። ምክንያቱ ውበት አይደለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ረጅም መሰላል ይዘው ሲሮጡ ማዕዘን ላይ መታጠፍ አቅቷቸው ነበር። ኮፐንሀገንን "የተቆረጠ ማዕዘን ከተማ" ያደረጋት መሰላል ነው ማለት ይቻላል። በጎን ደግሞ አደባባይ ያህል ትንሽ ክፍት ቦታ በየመታጠፊያው ተፈጠረ። ያን ጊዜ ያንን ማንም አላሰበውም።

በመስከረም 1807 እንግሊዞች ከተማዋን በመድፍና በሮኬት ደበደቡ። ከጎዳናው ጥቂት እርምጃ ወደ ሰሜን ያለው ትልቁ ካቴድራል ነደደ። ከዚያ በኋላ ግን ስትሮየት በጦርነትም በእሳትም እንዲያ አልተመታም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብዙ አውሮፓ ከተሞች መሃል ሲፈርስ የኮፐንሀገን መሃል ቆሞ ቀረ። ይህም ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር ወሳኝ ነው።

ግንቡ ሲፈርስ፣ መኪናው ሲገባ

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ኮፐንሀገን በአጥሯ ውስጥ ታፍና ነበር። ሰው ይጨምራል፣ ቦታ አይጨምርም። ውሃው ቆሻሻ፣ ጓሮው ጠባብ። በ1853 ኮሌራ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ። ከዚህ በኋላ አጥሩን ማፍረስ ክርክር የማያስፈልገው ሆነ። በ1850ዎቹ በሮቹ ፈረሱ፣ ከተማዋ ወደ ውጭ ፈሰሰች። ግንቡ በነበረበት መስመር ሰፋፊ መንገዶች ተሠሩ። እነዚህም በኋላ መኪና ተሻግሮ የሚያልፍባቸው ዙሪያ መንገዶች ሆኑ። ይህም ቢሆን ወደፊት ይጠቅመናል።

ሀብታሞቹ ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ሲወጡ ስትሮየት ከመኖሪያነት ወደ ንግድ ዞረ። ትልልቅ መስታወት ያላቸው ሱቆች ተከፈቱ። የጋዝ መብራት ከ1857 ጀምሮ መንገዶቹን አበራ። በ1890ዎቹ ኢሉም የሚባለው መደብር በኦስተርጋዴ በኩል፣ ማጋዛን የሚባለው ደግሞ በኮንግንስ ኒቶርቭ በኩል ሕዝቡን መሳብ ጀመሩ። በ1894 አማየርቶርቭ ላይ የሽመላው ፏፏቴ ቆመ። ከ1950 ጀምሮ አዲስ የተመረቁ አዋላጅ ነርሶች ዙሪያውን ይጨፍራሉ። በአውሮፓ ተረት ሕፃን የምታመጣው ሽመላ ስለሆነች ነገሩ ገብቷችኋል። ወፎቹ ግን ሽመላ ሳይሆኑ ሌላ ዓይነት ወፍ ናቸው የሚሉም አሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና መጣ። ዴንማርክ መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር፤ 1950ዎቹ ሲያልቁ ግን ሰው እንደ ልቡ መኪና መግዛት ጀመረ። ስትሮየት ከ10 እስከ 12 ሜትር ስፋት ያለው ጎዳና ነው። በዚህ ላይ መኪና በመሃል፣ የቆሙ መኪኖች በዳር፣ ጭነት የሚያወርዱ ካሚዮኖች፣ ሳይክሎች። ለእግረኛው የተረፈው በግድግዳ ጥግ ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነበር። መስኮት ማየት የፈለገ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ያግዳል። ገበያተኛው እየገፋ፣ ሾፌሩ እየጮኸ ነው የሚውለው። አደባባዮቹም የመኪና ማቆሚያ ሆነው ነበር። አማየርቶርቭ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ገበሬ አልነበረም፤ የቆመ መኪና ነበር።

ኅዳር 17 ቀን 1962

ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። ለገና ገበያ ጎዳናውን ለጥቂት ቀናት ለመኪና መዝጋት ቀድሞም ይደረግ ነበር። የዚያን ዓመት ግን ከገና በኋላም እንዳይከፈት፣ ለሁለት ዓመት ሙከራ እንዲዘጋ ተወሰነ። ነገሩን የመራው የከተማ ፕላን ጉዳዮችን የሚመራው ከንቲባ አልፍሬድ ቫሳርድ ነው። ቅዳሜ፣ ኅዳር 17፣ ጎዳናው ተዘጋ። ቫሳርድ የግድያ ዛቻ ስለደረሰው በዕለቱ ፖሊስ ይጠብቀው ነበር።

ባለሱቆቹ ለምን እንደተናደዱ መረዳት አይከብድም። ለእነሱ ሒሳቡ ግልጽ ነበር፤ መኪና የለም ማለት ደንበኛ የለም፣ ደንበኛ የለም ማለት ንግድ የለም። ጋዜጦች ላይ ደግሞ ሌላ መከራከሪያ ወጣ። "እኛ ዴንማርካውያን እንጂ ጣሊያኖች አይደለንም" የሚል። ማለትም በብርድ አገር፣ በኅዳር ጨለማ፣ መንገድ ላይ የሚንሸራሸር ማን አለ? ሰው ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ይገባል። በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጡት የደቡብ ሰዎች ናቸው።

እውነት ለመናገር በ1962 ብኖር ከተቃዋሚዎቹ ጋር የምቆም ይመስለኛል። ማስረጃው ከእነሱ ጋር ነበር። ካፌ ውጭ የለም፣ ሙዚቀኛ የለም፣ ዝም ብሎ መንገድ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። ያላዩት ነገር አንድ ብቻ ነው፦ እነዚህ ነገሮች ያልነበሩት ሰዉ ስላልፈለገ ሳይሆን ቦታ ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። ይህን ደግሞ ሳይሞክሩ ማወቅ አይቻልም።

ሙከራው መልሱን ሰጠ። በመጀመሪያው ዓመት የእግረኛው ቁጥር በ35 በመቶ ጨመረ። ሱቆቹ አልተዘጉም፣ ይልቁንም ገበያቸው ደራ። በ1964 ውሳኔው ቋሚ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስህተቶችን ላርም። "በዓለም የመጀመሪያው የእግረኛ ጎዳና" የሚለው ትክክል አይደለም። በ1953 በሆላንድ ሮተርዳም ሊይንባን፣ በዚያው ዓመት በጀርመን ካሰል ትሬፐንሽትራሰ ተከፍተዋል። እነዚያ ግን በጦርነት ቦምብ በፈረሰ ቦታ ላይ እንደ አዲስ የተሠሩ ናቸው። ቀድሞውኑ መኪና የሚመላለስበት፣ ባለሱቅ የሚነግድበት፣ ሕያው የሆነ አሮጌ ጎዳናን መንጠቅ ሌላ ነገር ነው። የኮፐንሀገን ጀግንነት ያለው እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው "በአውሮፓ ረጅሙ" የሚለው ነው። የፈረንሳዩ የቦርዶ ሴንት ካትሪን ጎዳና 1.2 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በዚህ ማዕረግ ላይ ብዙ ባንጨቃጨቅ ይሻላል።

ለምን ሠራ?

ይህ ነው የጉዳዩ ዋና ክፍል። ብዙ ከተማ አንድ መንገድ ዘግቶ፣ አበባ ተክሎ፣ አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ፣ ከዓመት በኋላ ባዶ ሆኖ አይቶታል። ስትሮየት ያንን ዕጣ ለምን አልደረሰበትም?

አንደኛው ምክንያት ስፋቱ ነው። ጠባብ መሆኑ ለመኪና መርገም፣ ለእግረኛ ግን በረከት ነው። 11 ሜትር መንገድ ላይ መቶ ሰው ካለ መንገዱ ደመቀ ይባላል። 40 ሜትር ላይ ያው መቶ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ የተበተነ ይመስላል።

ሁለተኛው ያቺ የመካከለኛው ዘመን የመሬት አከፋፈል ናት። የሱቆቹ ፊት ብዙ ቦታ ላይ 5 ወይም 6 ሜትር ብቻ ነው። መቶ ሜትር ስትሄዱ ከ15 እስከ 20 ሱቅ ታልፋላችሁ። በእግር ፍጥነት ሲሰላ በየአራትና አምስት ሴኮንዱ አዲስ በር፣ አዲስ መስኮት፣ አዲስ ሽታ ይመጣል ማለት ነው። አንድ ሕንጻ መቶ ሜትር የሚዘልቅበት ዘመናዊ ጎዳና ላይ ግን የመስታወት ግድግዳ እያያችሁ ትሄዳላችሁ። እግራችሁ ሳይደክም ዓይናችሁ ይደክማል።

ሦስተኛው፣ መኪናው ሌላ የሚሄድበት ነበረው። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ የተሠሩት ዙሪያ መንገዶች አሮጌውን ከተማ ይከብባሉ። የግንቡ መስመር የትራፊክ መስመር ሆኖ ስላገለገለ መሃሉን መዝጋት ከተማውን አላነቀም። ዙሪያ መንገድ የሌለው ከተማ ይህን በአንድ ቀን ልቅዳ ቢል ይቸገራል።

አራተኛውና በእኔ ግምት ትልቁ ቀስ ማለታቸው ነው። በ1962 ከመኪና ነጻ የሆነው ቦታ 15,800 ካሬ ሜትር ነበር። በ1968 ፊዮልስትሬዴ ተጨመረ። በ1973 ኮብማየርጋዴ ተከተለ። በ1980 የኒሃቭን ወደብ ዳር ከመኪና ማቆሚያነት ተላቀቀ። በ2000 ጠቅላላው ወደ 100,000 ካሬ ሜትር ደረሰ። 38 ዓመት ፈጅቷል። የመኪና ማቆሚያውም በአንድ ሌሊት አልጠፋም። በየዓመቱ ሁለት ሦስት በመቶ እያሉ ነው የቀነሱት። ይህን ያህል ጥቂት ሲጠፋ ማን ሰልፍ ይወጣል? ሾፌሩ ሳይታወቀው ልማዱን ይቀይራል፤ አንዱ አውቶቡስ ይይዛል፣ ሌላው ሳይክል ይገዛል።

ዕድልም ረድቷቸዋል። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ የዴንማርክ መንግሥት እሁድ እሁድ መኪና ማሽከርከርን ከለከለ። አገሩ በሙሉ ያለ መኪና ምን እንደሚመስል ሰዉ በዓይኑ አየ። ቀጥሎ ሳይክል ነጂዎች የራሳችን መስመር ይሠራልን ብለው ሰልፍ ወጡ። ዛሬ "ባህላቸው ነው" የሚባለው ሳይክል በዚያ ዘመን እየጠፋ የነበረ ነገር ነው።

ቁጭ ብሎ የቆጠረው ሰው

ስትሮየት በዓለም የታወቀው በመዘጋቱ ብቻ አይደለም። ስለተቆጠረም ነው። ያን ጌል የተባለ ወጣት አርክቴክት በ1960 ከሮያል አካዳሚው ተመርቆ ነበር። ባለቤቱ ኢንግሪድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። እናንተ አርክቴክቶች ስለ ሕንጻ ታውቃላችሁ፣ ስለ ሰው ለምን አታውቁም የሚል ጥያቄ ከእሷና ከጓደኞቿ ይመጣበት ነበር። አብረው ጣሊያን ሄደው ሰው በአደባባይ ላይ ምን እንደሚያደርግ አጠኑ። ተመልሰው ያንኑ ስትሮየት ላይ ቀጠሉ።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ጥግ ይዞ መቆም፣ በደቂቃ ስንት ሰው እንዳለፈ መቁጠር፣ ማን የት እንደቆመና እንደተቀመጠ ወረቀት ላይ መመዝገብ። የመንገድ መሐንዲሶች መኪናን ለአሥርት ዓመታት ሲቆጥሩ ኖረዋል። እግረኛን ግን የሚቆጥር አልነበረም። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ በጀት ሲመደብ ስሙ አይነሳም።

ከቆጠራው የወጡት ነገሮች ዛሬም ያስገርማሉ። ስትሮየት ላይ ምቾት ሳይጠፋ ማለፍ የሚችለው በደቂቃ 145 ያህል ሰው ነው፤ በአንድ ሜትር ስፋት 13 ሰው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ተራ ይዞ እንደ ሰልፍ መሄድ ይጀምራል። በብርድ ቀን ሰው በበጋ ከሚሄደው በሲሶ ያህል ፈጥኖ ይራመዳል። ባንክና ቢሮ ፊት ማንም አይቆምም፤ ዓይን የሚይዝ መስኮት ያለበት ሱቅ፣ ልጆች፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ግን ይቆማል። ሰውን በብዛት የሚስበው ሌላ ሰው ነው። "ጣሊያኖች አይደለንም" የተባለላት ከተማ በ1986 ወደ 3,000 የሚጠጋ የውጭ ካፌ ወንበር ነበራት። ከሃያ ዓመት በኋላ 7,000 ደረሰ። ቀዝቃዛ ሲሆን ብርድ ልብስ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ደርቦ ቁጭ ማለት ነው።

ጌል በኋላ ይህን የመቁጠር ዘዴ ወደ ሜልቦርንና ወደ ኒው ዮርክ ወሰደው። ኒው ዮርክ በ2009 ታይምስ ስኩዌርን ለመኪና ስትዘጋ መጀመሪያ በሙከራ ስም ነው ያደረገችው። በቀጣዩ ዓመት ቋሚ ሆነ። ዘዴው የተቀዳው ከየት እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። በራሷ ዴንማርክም ሌሎቹ ከተሞች ተከተሉ፤ ኦርሁስ ዋና የገበያ ጎዳናዋን በ1972 ለእግረኛ ሰጠች።

ዋጋው

ሁሉም ጥሩ ሆነ ብዬ ብጨርስ ግን አላግባብ ይሆናል። እግረኛ በበዛ ቁጥር ኪራይ ይወደዳል። ኪራይ ሲወደድ የሰፈሩ ጫማ ሰፊ፣ መጽሐፍ ሻጭ፣ ዳቦ ቤት ይወጣል። የሚገባው በየአገሩ ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ የልብስ መደብር ነው። ወደ ኮንግንስ ኒቶርቭ ስትጠጉ ውድ ቦርሳና ሰዓት፤ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስትጠጉ ማስታወሻ ዕቃ፣ ርካሽ ልብስ፣ ፈጣን ምግብ። የኮፐንሀገን ሰዎች ስለ ስትሮየት ሲጠየቁ ብዙዎቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። "ለቱሪስት ነው" ይላሉ። ራሳቸው በትይዩና በመሻገሪያ ያሉትን ትንንሽ መንገዶች ይመርጣሉ፤ ኪራዩ እዚያ ስላልናረ ልዩ ልዩ ትንንሽ ሱቆች አሁንም አሉ።

በእኔ አስተያየት ይህ የእግረኛ ጎዳና ጥፋት አይደለም። በ1962 ከተማው የወሰነው መኪና የት ይሂድ የሚለውን ነው፤ ማን ይነግድ የሚለውን ለገበያው ተወው። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን መመለስ ሁለተኛውን አይመልስም። ዛሬ ይህን የሚቀዱ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚረሱትም ይህንኑ ነው።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ምክር፦ ከምዕራብ ጀምሩና ዓይናችሁን ከሱቆቹ በላይ አንሱ። የታችኛው ፎቅ በየከተማው ያለ መስታወት ነው። ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ ግን ከ1728ና ከ1795 በኋላ የተሠራው ከተማ ቁጭ ብሏል። መታጠፊያ ላይ ስትደርሱ የተቆረጡትን ማዕዘኖች ፈልጉ። አማየርቶርቭ ላይ ወደ ታችም እዩ፤ ንጣፉን በ1993 የሠራው ቅርጻ ቅርጽ ባለሙያው ብዮርን ኖርጎር ነው። ጠዋት በጣም ማልዳችሁ ከሄዳችሁ ካሚዮኖች ታገኛላችሁ፤ ለሱቆቹ ዕቃ ማራገፍ በተወሰነ ሰዓት ይፈቀዳል። ሳይክል ተከራይታችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ውረዱና ግፉ። በሳይክል ስሟ በገነነ ከተማ ውስጥ፣ ስትሮየት ላይ ሳይክል መንዳት ክልክል ነው።